እንቁራሪቷ ምን ትሸታለች

አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ነው ያደገው። ሌላው አካሌ ገና የልጅ ሳለ እሱ ብቻውን ትልቅ ሰው ሆኖ ፊቴ መሃል ተቀምጦ ነበር። አጎቴ «አፍንጮ» ይለኛል። ከማላውቀው ሰው ጋር ስሆን እጄን ወደ ፊቴ የማስጠጋ ልማድ ስለነበረኝ፣ እንግዶች ጥርሴን የሚያመኝ ይመስላቸውና ለእናቴ ጥሩ የጥርስ ሐኪም ይጠቁሟታል።

ያ አፍንጫ አንድ የትምህርት ቤት እረፍት ሙሉ ሥራ አግኝቶ ነበር። የማወራው ስለዚያ ነው።

እረፍቱን ያሳለፍኩት እናቴን በወለደች አያቴ ቤት ነው። አያቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ጠባብ ነው፤ ግን ከጎኑ ጋራዥ አለው፤ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ እንቁራሪቷ አለች። እንቁራሪቷ መኪና ናት፦ አረንጓዴ፣ ክብ፣ የፊት መብራቶቿ እንደ ዓይን የፈጠጡ። አያቴ በሥራ ዘመኗ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ሁሉ የምትደርሰው በእሷ ነበር። ኋላ ጉልበቷን ታመመችና መንዳት ተወች። የጋራዡ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ የመስኮቶቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ውሃውም ወደ ውስጥ መግቢያውን አገኘ። አሁን ጉልበቷ ስለዳነ እንደገና መንዳት አምሯታል።

የአያቴ አፍንጫ በዘመድ አዝማዱ ሁሉ የታወቀ ነው። የታመመ ሰው ለመጠየቅ ሄዳ ገና በሩ ላይ ሆና «ቁስሉ አመርቅዟል፤ ሐኪም ጥሩ» የምትል ሴት ናት። አጎቴ በጉርምስናው ተደብቆ ሲጋራ ያጨሰ ቀን ሸሚዙን ቢያጥብ፣ ቢያሰጣ፣ ቢተኩስም ከእጇ አያመልጥም ነበር ይባላል። እናቴ «አንቺ የአያትሽን አፍንጫ ነው የወረስሽው» ስትለኝ እኔ የምታወራው ስለ መጠኑ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እረፍቱ በገባ በመጀመሪያው እሑድ አጎቴ ሊጠይቀን መጣ። አጎቴ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ቤት ውስጥም ሲያወራ ከኋላው ሰሌዳ ያለ ይመስላል። አያቴ ጋራዡን ከፍታ አሳየችው። የእንቁራሪቷን በር ሳብ እንዳደረገ ወደ ኋላ ተመልሶ አፍንጫውን በክርኑ ሸፈነ።

«እማ፣ እዚህ ውስጥ ምን ሞቶ ነው?»

«ምን ሸተተህ?»

«ምን ሸተተህ ትይኛለሽ? አንቺ አይሸትሽም?»

አያቴ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ታፍና ኖራ ነው፤» አለች። «አየር ሲነካት ይለቃታል።»

አጎቴ መኪናዋን ማየት ትቶ እሷን ያይ ጀመር። እኔ ከጋራዡ ደፍ ላይ ሆኜ እጄ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከሀፍረት አልነበረም።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አወሩ። እኔ ደረጃው ላይ ጉንዳን እያየሁ የሰማሁት ይህን ነው።

«ጎረቤትሽ ደውላልኛለች። ወተቱ አሮ ጭሱ እነሱ ግቢ ሲደርስ፣ አንቺ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለሽ ጋዜጣ ታነቢ ነበር አለችኝ።»

«እሷ ወሬ ካላቀበለች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«ወተት ባይሆንስ? ጋዙ ሳይቀጣጠል ተከፍቶ ቢቀርስ? እማ፣ እኛ ጋ ትመጫለሽ። ቤቱን እናከራየዋለን፤ መኪናዋም ለሚፈልጋት ትሰጣለች።»

አያቴ የሻይ ብርጭቆዋን አዙራ አዙራ አስቀመጠችው። «ሽታው ነው የቸገረህ? ሽታው ይወጣል። እረፍቱ ሲያልቅ ና። ያኔም ከሸተተህ ሻንጣዬን ራሴ እሸክፋለሁ።»

«ስለ መኪናዋ አይደለም የማወራው።»

«እኔ ስለ መኪናዋ ነው የማወራው።»

እኔ የገባኝ ግልጽ ነበር፦ መኪናዋ ስለሸተተች አያቴ ከቤቷ ልትወጣ ነው። አጎቴን በጣም ተቀየምኩት። መኪና ስለሸተተ ሰው ከቤቱ ይወጣል እንዴ?

አጎቴ እንደሄደ አያቴ ከኩሽናው ተጣራች። «የኔ እናት፣ ነይ እስቲ። አፍንጫሽንም ይዘሽው ነይ።»

ወደ ጋራዡ ወሰደችኝና የመኪናዋን በር ከፈተች። «ግቢና ንገሪኝ። ምን ምን ይሸትሻል?»

የምናገረውን ነገር መምረጥ እወድ ነበርና ጊዜ ወሰድኩ። «እርጥብ ውሻ፤» አልኩ። «ከዚያ የሻገተ ዳቦ። እዚህ ታች ደግሞ... ሳንቲም አፍ ውስጥ ሲገባ ያለው ዓይነት።»

«ሳንቲሙ የት ጋ ነው?»

ከመሪው በታች፣ የነጂው እግር የሚያርፍበትን ቦታ አሳየኋት። አጎንብሳ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ የዛገ ብረት ቅርፊት ጣቷ ላይ ቀረ።

«ልክ ነሽ፤» አለችኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አያቴ የምትጠይቀኝ መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቅ፣ መልሱን እያወቀች ነው ብዬ ነበር የማምነው። ያ ትልቅ አፍንጫ በከንቱ አልተሰጠኝም፤ አያቴ ወራሽ አድርጋ መርጣኛለች፤ እረፍቱን ሙሉ ልታሠለጥነኝ ነው። ማታ ስንተኛ እንደ ልማዳችን ጀርባዋን እያከክሁላት በጣቴ ፊደል እጽፍባታለሁ፤ እሷም ምን እንደጻፍኩ ትገምታለች። ያን ማታ «ልክ» የሚል ቃል ጻፍኩባት። አወቀችው።

አያቴ ከዚያ ዓመት በፊት የያዛት ብርቱ ጉንፋን ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄዶ ነበር። ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ አልተመለሰም። ለማንም አልተናገረችም። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የእንቁራሪቷ ሽታና የጋራዡ ግድግዳ ለእሷ አንድ ነበሩ።

በማግስቱ የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሰውዬ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ሙጫ» ይለዋል፤ ጣቶቹ ላይ ሁልጊዜ የደረቀ ሙጫ ስላለ ሰላም ሲሉት እጁ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። አያቴ እኔም በዚህ ስም እንድጠራው ስላልፈለገች «ጋሼ» በይው አለችኝ፤ እኔ ግን ሁለቱንም አጣምሬ «ጋሼ ሙጫ» አልኩት። ከልቡ ሳቀ።

ወንበሮቹን ብሎናቸውን እየፈታ አውጥቶ ሣሩ ላይ ደረደራቸው፤ ባዶ ሲኒማ ቤት መሰሉ። ቀጥሎ የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ። ከሥሩ ያለው ነገር ጥቁር፣ ወፍራምና ውሃ የጠጣ ነበር፤ ሲጨብጠው በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል።

«ያውና፣ እትዬ፤» አለ። «ምንጣፉ ቀሚሷ ነው። ይሄ የውስጥ ልብሷ ነው። የሞተሩን ጩኸትና ሙቀት ይዞ የሚያስቀረው ይሄ ነው። እንግዲህ የውስጥ ልብሷን ከተሠራች ጀምሮ ቀይራ የማታውቅ ሴትዮ ምን ልትሸት እንደምትችል እርስዎ ይፍረዱ።»

«ልጅ አለች እኮ።»

«ልጅቷም የውስጥ ልብስ ትቀይር።»

አያቴ አፏን በሻርቧ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችው፦ «ለመሆኑ በጣም ይሸታል?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አፍንጫውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ለጌጥ ነው። ሙጫው ከገደለው ቆየ። የሚስቴ ሽቶና የተቃጠለ ጎማ ለእኔ እኩል ናቸው። እሷም ሽቶ መግዛት ትታለች፤ እንዲያውም በጀን።»

አያቴ ከዚያ በኋላ ለእሱ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን እስከ አፉ መሙላት ጀመረች። ወዳዋለች ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው፣ እንደ እሷ ያለ ሌላ ሰው አግኝታ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ደብቆት አያውቅም።

አሠራራችን ራሱ መጣ። ጋሼ ሙጫ የበሰበሰውን የውስጥ ልብስ እየቆራረሰ ያወጣል። ብረቱ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ሬንጅ የተቀባ ሉህ በመፋቂያ ይፍቃል። አያቴ በዱቄት ሳሙናና በኮምጣጤ ታጥባለች። በሮቿ ተበርግደው ፀሐይ ሲመታት ትውላለች። በመጨረሻ እኔ በባዶ እግሬ እገባና በአራት እግሬ እየዳኽሁ አሸታለሁ፤ ሽታ ያለበትን ቦታ በጠመኔ አከብባለሁ። ክቡ ውስጥ እንደገና ይፋቃል፣ ይታጠባል።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ጋስ?» ይለኛል ጋሼ ሙጫ።

«ሻጋታ ሻጋታ ይላል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ አይጥ አይጥ።»

«ልክ ነሽ፤» ትላለች አያቴ ከኋላችን።

አይጡ እውነት ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር የአይጥ ጎጆ አገኘን፤ የተሠራው ከአያቴ የሥራ ቦርሳ ከወደቀ ጥጥና ፋሻ ነው። ጎጆው መሃል የጨቅላ ካልሲ ነበር፤ አንድ እግር ብቻ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ።

አያቴ ካልሲውን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አየችው። «የዚህ ባለቤት ዛሬ የትራፊክ ፖሊስ ነው፤» አለች። «ከኋላው ወንበር ላይ ነው የተወለደው። ሐኪም ቤት እስክንደርስ አልጠበቀንም።»

«ታዲያ አውቆ ያሳልፍዎታል?» አለ ጋሼ ሙጫ።

«ምን ያሳልፈኛል፤ ልቀጣሽ ሲለኝ ነው ካልሲህ እኔ ጋ ነው ያልኩት። የት እንዳለ ግን ይኸው ዛሬ ገና አወቅሁ።»

ከሁሉ የከፋው ጣሪያው ነበር። የጣሪያውን ጨርቅ ሲያወርደው ከላዩ የታጨቀው አሮጌ ጥጥ በጋሼ ሙጫ ራስ ላይ እንደ ዶፍ ወረደበት። ቆሞ ቀረ። እኔ ከመሳቄ የተነሳ ጠመኔዬን ጣልኩ። አያቴ በመጥረጊያ ከላዩ እያራገፈች «ሽበት ያምርብሃል» አለችው።

ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ፀረ ዝገት ቀለም የተቀባ ዕለት እንቁራሪቷ ውስጥ ቀለም ብቻ ይሸት ነበር። ጋሼ ሙጫ የወለሉን ልክ በጋዜጣ ላይ አወጣ። አዲሱን የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ተጠቅጥቆ የተሠራ ግራጫ ጥቅል፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። «በርካሽ ነው ያገኘሁት፤ ዕድል ነው» አለን።

ያን ሰሞን እኔ ጉንፋን ያዘኝ።

ተጠቅልዬ አልጋ ላይ ሳለሁ ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሠሩ። መጀመሪያ አዲስ የሬንጅ ሉህ በብረቱ ላይ አነጠፉ፤ በእንጨት ጠርዝ እየደመደሙ አጣበቁት። ከላዩ ግራጫውን ቆርጠው ለጠፉ፤ በበሮቹም ውስጥ፣ ከሞተሩ በኩል ባለው ግድግዳም ላይ። ሲጨርሱ አያቴ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጋራዥ ወሰደችኝ። ውስጡ የሚያምር ነበር። አንድም መጨማደድ የለም።

«በይ እስቲ፤» አለች። «ምን ይሸትሻል?»

በታፈነ አፍንጫዬ የቻልኩትን ያህል ሳብኩ። «ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አይሸተኝም።»

«ልክ ነሽ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ጋሼ ሙጫ መዶሻውን አንስቶ ባልዲ ላይ ከበሮ መታ። ሁለቱ ሻይ ጠጡ። ምንጣፉንም ወንበሮቹንም መለሱ።

ጉንፋኑ ሲለቀኝ አንድ ጠዋት ብቻዬን ወደ ጋራዡ ሄጄ የመኪናዋን በር ከፈትኩ። ቆምኩ። ዘጋሁትና እንደገና ከፈትኩት።

አያቴን ኩሽና አገኘኋት። «እማማ፤» አልኩ፣ «እንቁራሪቷ ፍየል ፍየል ትሸታለች።»

«ፍየል?»

«ዝናብ የመታው ፍየል። ብዙ ሆነው።»

አያቴ እጇ ላይ ያለውን ሰሃን አስቀመጠች። ወደ ጋራዡ አልሄደችም። በጓሮ በር ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ የልብስ ማስጫውን ገመድ አየች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የገረመኝ ነገር ነበርና ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፦ «እኔስ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አንቺ ግን ለምን ልክ ነሽ አልሽኝ?»

አያቴ ወደ እኔ ሳትዞር «መምህርም ይሳሳታል» አለች።

ለዚህ መልስ አንድ ቀን ሙሉ ካሰብኩ በኋላ ትርጉም አገኘሁለት፦ ሆን ብላ ነው። መምህሯ ልክ ነሽ ብትለኝም በራሴ አፍንጫ እንድተማመን እየፈተነችኝ ነበር። እንዴት ያለች መምህር ናት አልኩ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ጋዙን እያሰበች እንደነበር፣ ልጇ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየፈራች እንደነበር አልታየኝም። እኔ ከእሷ ጋር ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር።

ጋሼ ሙጫ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ለካ ለዚህ ነው የረከሰው። የሰውዬው መጋዘን ከቆዳ መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል። እንግዲህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ፍየል ላይ ተንበርክከን ስንለጥፍ ዋልን።» አያቴን አያት፤ ምንም አልጠየቃትም። «ኢንጂነሯ ጉንፋን ሲይዛት ሥራ ማቆም ነበረብን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መፋቂያውን አነሳ።

ግራጫውን ሁሉ አወጣነው። አዲስ ልንገዛ ስንሄድ ሦስታችንም ሄድን። ሱቁ ውስጥ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እያቀፍኩ አፍንጫዬን እቀብርባቸዋለሁ። ባለሱቁ ሌሎቹን ደንበኞች ትቶ እኔን ያያል።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ናት፤» አለው ጋሼ ሙጫ። «ዝም በል፤ እየሠራች ነው።»

ሰው እያየኝ እጄን ከፊቴ ላይ ያነሳሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። የመረጥኩት ጥቅል አዲስ ደብተር ሲገለጥ ያለውን ሽታ ይሸት ነበር።

እሑድ አጎቴ ሊመጣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ብሎን ተጠበቀ። አያቴ መኪናዋን ከጋራዡ አውጥታ በር ላይ አቆመቻት። የሞተሩ ድምፅ ቀድሞ እንደ ወፍጮ ነበር አሉ፤ አሁን ጎረቤት ያለ ሰው ሲያንጎራጉር ይመስላል።

አጎቴ መጣ። ጥቂት ጊዜ ብቻውን መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ «ሽታው ጠፍቷል፤ እጃችሁ ይባረክ» አለ። አያቴ እፎይ ልትል ስትል ግን ቀጠለ።

«አሁን ግቡ፤ አብረን እንቀመጥ። እማ፣ መኪናዋ ውስጥ አንድ ሽታ ያለው ነገር ደብቄያለሁ። ምን እንደሆነና የት እንዳለ ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ስለ መምጣትሽ ሁለተኛ አላነሳም።»

«ካልነገርኩህስ?»

«ዕቃሽን አብረን እንሸክፋለን።»

«ፈተና መሆኑ ነው?»

«መምህር አይደለሁ?» አለ። ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

አያቴ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ አጎቴ ከጎኗ፤ እኔ ከአያቴ ጀርባ። በሮቹ ተዘጉ፤ መስኮቶቹ ተዘጉ። «አንቺ አፍንጮ፣» አለኝ ሳይዞር፣ «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

ትንፋሼን አወጣሁና አፍንጫዬን ሥራ አስገባሁት። መጀመሪያ አዲሱ ደብተር። ከሥሩ ትንሽ ሬንጅ። የአጎቴ የጫማ ቀለም። ከዚያ ከታች በኩል ቀጭን፣ ብርድ ብርድ የሚል፣ ግንባር የሚነካ ነገር። አወቅሁት። መብራት ሲጠፋ እቤታችን የምንለኩሰው ፋኖስ የሚጠጣው እሱን ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ይህ የእኔ የመጨረሻ ፈተና ነው። አያቴና አጎቴ ተመካክረው ያዘጋጁት ነው። ግን መናገር ተከልክያለሁ፤ ታዲያ መልሴን ለመምህሬ እንዴት ላስረክብ?

አያቴ ሁለት እጆቿ መሪው ላይ ናቸው። ወደ ፊት፣ ወደ አጥሩ ታያለች።

«የኔ እናት፣» አለች፣ «ጀርባዬን በላኝ። አከክ አከክ አድርጊልኝ።»

«እማ!»

«ምን? ማሳከክም ከፈተና ላይ ተከለከለ?»

የወንበሩ መደገፊያ ዝቅ ያለ ነው። እጄን ሰደድኩና በትከሻዋ መሃል በቀስታ «ጋ» ጻፍኩ። ከዚያ «ዝ»።

«እሱን ቦታ ድገሚልኝ፤ ደስ አለኝ፤» አለች።

ደገምኩት፤ ትልቅ አድርጌ፣ ለይቼ። አጎቴ አንገቱን ቀና አድርጎ በስፖኪዮው መስታወት የኋላውን ያይ ነበር። የጋራዡን በር መዝጋታችንን እያረጋገጠ ነው ብዬ አሰብኩ።

አያቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አየር ሳበች፤ እንደ ድሮው፣ ቁስል እንደምትመረምር አዋላጅ። «ነጭ ጋዝ ነው፤» አለች። «ምንጣፉ ላይ እንዳይፈስ ብለህ ጨርቅ ነክረህበታል። ጨርቁ ሚስትህ የምትተኩስልህ መሐረብ ከሆነ እሷም ትነግርሃለች።»

«የትስ ነው ያለው?»

«ከተቀመጥክበት ወንበር ሥር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የደበቅከውን ነገር ላዩ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትጠብቀው።»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር በፕላስቲክ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ። አያቴን አያት፤ ከዚያ መስታወቱን፤ እንደገና አያቴን። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ፤ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

«እሺ፤» አለ። «ተሸነፍኩ።»

የአያቴ ዓይኖች እንባ ሞሉ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የጋዙ ሽታ አቃጥሏት ነው አልኩ። እኔ ግን በደስታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር፤ የመምህሬ መልስና የእኔ መልስ አንድ ሆኖ ወጥቷል። አልፌያለሁ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። የጋዙን ምድጃ ከነሲሊንደሩ ጭኖ ወሰደው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «የፈተናው ሽልማት ነዋ» አለኝ። ለእኔ አሻንጉሊት ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ግን ምድጃ የተሸለመ ልጅ በክፍላችን ስላልነበረ ትምህርት ሲከፈት ለሁሉም አወራሁ። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ የጓሮዋን ክፍል ከአጎቴ ጋር የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት ተከራየቻት። አያቴ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ እዚያው ቤት ኖረች፤ እንቁራሪቷንም ጉልበቷ ዳግም እምቢ እስኪል ነዳች።

ዛሬ እንቁራሪቷ የእኔ ናት። አጎቴ አርጅቷል። ሐኪም ቤት ሳመላልሰው ከጎኔ፣ ያኔ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ስፖኪዮውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ክንድሽ ይታየኝ ነበር» አለኝ።

«የቱ ክንዴ?»

«አያትሽ ጀርባ ላይ ሲጽፍ የነበረው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩንባ ነፋብኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔን ያስፈራኝ ብቻዋን መሆኗ ነበር። ብቻዋን አለመሆኗን አየሁ። የቀረው የምድጃ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ ይገዛል።»

«ማየትህን አውቃ ነበር?»

«ምድጃውን ሳስገባ አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴን ታውቂያት የለ? ያለ ምክንያት ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደ ድሮው ጠራኝ። «ንጂ እንጂ፣ አፍንጮ፤ ሰው አስጠብቀሻል።»

ያን እረፍት ሳስብ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ፈተናው አይደለም። አጎቴ ተሸንፎ ከሄደ በኋላ አያቴ የእንቁራሪቷን መስኮቶች ሁሉ አውርዳ «ነይ ከፊት ተቀመጪ» አለችኝ። ወጣን። አዲሱ የውስጥ ልብስ የሞተሩን ድምፅ ውጦት ስለነበር ሳንጮህ መነጋገር እንችላለን።

«አሁን ምን ይሸትሻል?» አለችኝ።

«ዳቦ ቤቱ። ዛሬ ትንሽ አሮባቸዋል።»

«ልክ ነሽ። አሁንስ?»

«የተላገ እንጨት።»

«ልክ ነሽ። አሁንስ?»

«ሳር እየታጨደ ነው። ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ፤ አቧራው ረጠብ ረጠብ ይላል።»

በየመታጠፊያው ትጠይቀኛለች፤ በየመታጠፊያው እመልሳለሁ። ፈተናው ካለቀ በኋላ ለምን ትፈትነኛለች ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። እየፈተነችኝ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ዓይኗን ጨፈን እያደረገች፣ እኔ ከነገርኳት በኋላ፣ ዘግይታ ታሸት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ በሩ ጋ ልንደርስ ስንል፣ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ እኔ እያየች ጠየቀችኝ።

«እኔስ? እኔ ምን እሸታለሁ?»

ተጠጋኋት። ጊዜዬን ወሰድኩ። «ሳሙና፤» አልኩ። «ትንሽ ኮምጣጤ፣ ከመኪናዋ የተረፈ። ሻይ። ከዚያ...» ቃል አጣሁ። ለሁሉም ነገር ስም የማወጣ ልጅ ለዚህ ስም አልነበረኝም። «ከዚያማ እማማ እማማ ትሸቻለሽ።»

ያን ጊዜ ብቻ «ልክ ነሽ» አላለችኝም። ማርሽ ቀየረች፤ በሩን አለፈችውና ሌላ ዙር ልንዞር ቀጥታ ሄደች።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። አንገቴን አስግጌ ደግሜ አሸተትኳት።

አልተሳሳትኩም።